የሞተው በሬ ኪሳራ የማን ነው? ለግብርና ሚኒስቴርና ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ግብርና ሚኒስቴር
ለ፦ ጤና ሚኒስቴር
ለ፦ የክልል ግብርና ቢሮዎችና ጤና ቢሮዎች
ግልባጭ፦ ከብት ለሚያረባ፣ ወተት ለሚገዛና ቅርጫ ለሚገባ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ለመከላከል ለአርቢው ካሳ ስለመክፈል

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። በአባሰንጋ የሞተበትን በሬ ሳይገፍፍ ለሚቀብር ገበሬ፣ በሳንባ ነቀርሳ የተያዘች ላሙን ለሌላ ሰው ሳይሸጥ ለሚያስወግድ አርቢ፣ መንግሥት ከኪሳራው ላይ ድርሻ ይክፈል። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ለምን እንደምጠይቅ ግን ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት አለብኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው በወረዳ ክሊኒክና በገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስለ በሽታ ብዙ አስተምረናል። ፖስተር ለጥፈናል። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ለፍፈናል። በየስብሰባው ተናግረናል። ሰዉም ሰምቷል። ሰምቶም ግን ብዙው ያንኑ ያደርጋል። ምክንያቱን በደንብ አውቀዋለሁ። እኛ የምንነግረው ነገር ለእሱ ኪሳራ ነው። ኪሳራውን የሚጋራው ደግሞ የለም።

ከአባሰንጋ ልጀምር። ማታ ደህና ገብቶ ያደረ በሬ ጠዋት ወድቆ ይገኛል። ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው ጠቆር ያለ ደም ይወጣል። ደሙ አይረጋም። ሆዱ ቶሎ ይነፋል። በድኑም እንደሌላው በድን አይደርቅም። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ምልክት አይስተውም። ብዙ ጊዜ እኛ ከመድረሳችን በፊት ስሙን የሚነግሩን ራሳቸው ገበሬዎቹ ናቸው።

እኛ ደርሰን የምንለው አንድ ነው። አትክፈቱት። አትግፈፉት። እዚያው ባለበት አቃጥሉት፤ ማገዶ ከሌለ ከውሃ ራቅ አድርጋችሁ ቢያንስ ሁለት ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ ቅበሩት። ይህ ምክር ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በድኑ ካልተከፈተ ጀርሙ ሬሳው ሲበሰብስ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብሮ ይሞታል። ቆዳው ተገፍፎ ደሙ አየር ሲያገኝ ግን ጀርሙ ጠንካራ ልባስ ያበጃል። በዚያ ልባስ ውስጥ ሆኖ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ከዓመታት በኋላ ሳር ሲመናመን ሌላ ከብት ያንኑ መሬት ከአፈሩ ጋር ይግጣል። በሽታውም ይነሳል። አንዳንድ ቀበሌ ውስጥ አባሰንጋ እየተመላለሰ የሚመጣው ለዚህ ነው። ዛሬ በቢላዋ የተከፈተ አንድ በሬ የልጅ ልጆችን ግጦሽ ይበክላል።

ሰውም ይታመማል። ገፋፊው እጁ ወይም ክንዱ ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ ያለች ነገር ታወጣበታለች። ታሳክከዋለች። ከዚያ ውሃ ትቋጥራለች። በኋላ መሃሏ ይጠቁራል። ዙሪያው ያብጣል፤ ግን ብዙም አያምም። ስለማያም ቤቱ ይቀመጣል። በጊዜ ጤና ጣቢያ ከሄደ በተለመዱ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒቶች ይድናል። ሥጋውን የበላው ሰው ሁኔታ ከዚህ ይከፋል። በሽታው አንጀቱን ይይዛል፣ የሚገድለውም በፍጥነት ነው። «በደንብ ቀቅለን እንበላዋለን» የሚሉ አሉ። ልባስ ያበጀውን ጀርም የወጥ ቤት እሳት በአስተማማኝ አይገድለውም።

ይህን ሁሉ እንናገራለን። ገበሬው ያዳምጠንና ይጠይቀናል። በሬውን ማን ይተካልኛል? ክረምቱ እየመጣ ነው፣ በምን አርሳለሁ?

መልስ የለንም።

አሁን የምለውን ልብ ብላችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ። ከብት በድንገት ሲሞትበት ወይም ሊሞት ሲያጣጥር፣ በብዙ መንደር ጎረቤት ይሰበሰባል። ቢላዋ ይደርስለታል፣ ሥጋው በመደብ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቤት መደቡን ይወስዳል፣ የአቅሙን ይከፍላል። ብዙዎቹ የሚከፍሉት ሥጋ አምሯቸው አይደለም። ባለቤቱ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። ነገ በእነሱም ቤት ይህ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ መንደሩ ካሳ መክፈል ያውቃል ማለት ነው። ካሳውን የሚከፍለው ግን በተበከለው ሥጋ በኩል ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ያገኛል፤ በዚያው በሽታው በየቤቱ ይገባል።

ስለዚህ የምንለምነው አዲስ ጸባይ እንዲፈጠር አይደለም። መረዳዳቱ እንዳለ ይቀጥል። ሥጋው ብቻ ከመሃል ይውጣ። በአንዳንድ አካባቢ ከብት ለሞተበት የሚያዋጣ እድር አለ። ወረዳው ከዚህ ዓይነት እድር ጎን ቢቆም፣ ማለትም የእንስሳት ሐኪም አይቶ ላረጋገጠውና ሳይከፈት ለተቀበረ ከብት እድሩ የሚያዋጣውን ያህል መንግሥት ቢጨምር፣ ነገሩ ይለወጣል። ገበሬው ደብቆ ከመግፈፍ ይልቅ ሮጦ ይጠራናል። ወረርሽኙንም የምንሰማው ከሳምንት በኋላ ሳይሆን በዕለቱ ነው።

በቦረና ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአርብቶ አደሩ የእንስሳት ኢንሹራንስ ተሞክሯል። የሚከፍለው ግን በሳተላይት በሚታይ የግጦሽ መመናመን፣ ማለትም ለድርቅ ነው። ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ድርቅ ለገደለው ከብት ማሰብ ከቻልን፣ ለጎረቤት ጤና ተብሎ ለተቀበረ ከብት ማሰብ አያቅተንም።

ክትባቱንም ላንሳ። የአባሰንጋ ክትባት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ይህ ተቋም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። ክትባቱ በዓመት አንዴ ይሰጣል። ከውጭ ምንዛሪ ጋር የሚያታግል ነገር አይደለም። ሆኖም እኔ በነበርኩባቸው ቦታዎች ክትባቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከብት መሞት ከጀመረ በኋላ ነበር። በሽታው የሚመላለስባቸው ቀበሌዎች ይታወቃሉ። መዝገቡ አለ፤ ሽማግሌዎቹም የተቀበረበትን ቦታ ጭምር ያሳያሉ። እነዚህ ቀበሌዎች በየዓመቱ፣ በሽታው ሳይነሳ መከተብ አለባቸው።

ወደ ወተቱ ልለፍ። እዚህ ላይ ነገሩ ለከተማ ሰውም ቅርብ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የወተት ከብቶችን መርምሮ ነበር። በ88 እርባታዎች ያሉ 2,956 ከብቶች ናቸው የተመረመሩት። ከመቶው 30 ያህሉ ለከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ምላሽ ሰጡ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እርባታዎች ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ከብት ነበራቸው። በሜዳ የሚሰማራው የአበሻ ከብት ላይ በሽታው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። የፈረንጅ ዝርያና ዲቃላ ላሞች በቀላሉ ይያዛሉ። በዚያ ላይ በጠባብ በረት ውስጥ አፍ ለአፍ ገጥመው ስለሚውሉ በሽታውን እርስ በርስ በትንፋሽ ያስተላልፋሉ።

በሽታው የያዛት ላም ለረጅም ጊዜ አትከሳም። ወተቷን ትሰጣለች። ትወልዳለች። ስለዚህ በዓይን አይታወቅም። የሚታወቀው በምርመራ ነው። አንገቷ ላይ ቆዳዋ ውስጥ ትንሽ መርፌ ይሰጣታል፣ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይለካል። ምርመራው ከባድ አይደለም። ከባዱ ውጤቱ ነው። አንድ አርቢ በብድር የገዛት ላም በሽታ እንዳለባት ሲነገረው ምን ያድርግ? ሊያርዳት ቢል ዕዳው ይጠብቀዋል። ቢያቆያት ሌሎቹን ትበክላለች። የቀረው መንገድ አንድ ነው። ደላላ ይጠራል።

ላሟም በአይሱዙ ተጭና ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። የሚገዛት ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና ሥራ የሚጀምር ወጣት ነው። ተደራጅቶ ብድር አግኝቷል፣ በረቱን ሠርቷል፣ ዲቃላ ላም በማግኘቱ ደስ ብሎታል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወረቀት የሚጠይቅ ገዢ እኔ እምብዛም አላየሁም። ወረቀት የሚያሳይ ሻጭ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በሽታው ከመሃል አገር ወደ ክልል ከተሞች የሚጓዘው እንዲህ ነው። ሻጩን ብቻ መውቀስ ይቀላል። እኔ ግን አልወቅሰውም። ሐቀኛ ልሁን ቢል ቤተሰቡ ሜዳ ላይ ይወድቃል።

ስለ ሰው ደግሞ እውነቱን ሳላጋንን ልናገር። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአገራችን ከሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን ሲለይ፣ ከከብት የሚመጣው ዓይነት የተገኘው በ4 ብቻ ነው። አብዛኛው ሳንባ ነቀርሳችን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው። ታዲያ ለምን እጨነቃለሁ? ሁለት ምክንያት አለኝ። ከከብት የሚመጣው ጀርም ለፒራዚናማይድ አይበገርም። ይህ መድኃኒት ደግሞ ለሕሙማን መጀመሪያ ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በጤና ተቋማት የሚደረገው የተለመደው ምርመራም ሁለቱን ዓይነት አይለይም። ሐኪሙ የትኛውን እያከመ እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዲቃላ ላም በየቦታው እየበዛ መምጣቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሌማት ትሩፋት ወተት ወደየቤቱ እንዲገባ አገር እየሠራ ነው። እኔም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ልጆቻችን ወተት ይጠጡ። ግን ላሟን ስናሰራጭ በሽታዋንም አብረን እንዳናሰራጭ፣ በፕሮግራም የምትከፋፈል ላም ሁሉ ከመሸጧ በፊት ትመርመር። ምርመራውን ያላለፈችውን ላም ባለቤቷ ለመንግሥት ያስረክብ፣ ካሳም ይከፈለው።

ይህ ሕልም አይደለም። አሜሪካ በ1917 እ.ኤ.አ. የከብት ሳንባ ነቀርሳን የማጥፋት ዘመቻዋን ስትጀምር ከመቶ ከብት አምስቱ ገደማ ይታመም ነበር። ላሞች ተመረመሩ፣ የታመሙት ታረዱ፣ ባለቤቶቹ ካሳ ተከፈላቸው። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በሽታው ከአብዛኛው አካባቢ ጠፋ። እኛ እንደ እነሱ የታመመችን ላም ሁሉ እናርዳለን ብንል አቅማችን አይፈቅድም። በመሃል አገር ከመቶ ሠላሳ ላም አርደን ማን ወተት ያጠጣናል? ለዚህም ነው በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ደስ ያሰኘኝ። በአገራችን በተደረገ ሙከራ፣ ለሕፃናት በተወለዱ ጊዜ የምንሰጠው የቢሲጂ ክትባት ለጥጆች ተሰጠ። የበሽታውን መተላለፍ በ89 በመቶ መቀነስ እንደሚችል ታየ። የተከተበን ከብት በቆዳ ምርመራ ከታመመው መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ አዲስ ዓይነት ምርመራ አብሮ ያስፈልጋል። ግን መንገዱ ተከፍቷል። ጥጆችን እየከተቡ፣ በጣም የታመሙትን በካሳ እያስወገዱ መሄድ ይቻላል። ጥናቱ እዚሁ የተሠራ ስለሆነ ሥራ ላይ በማዋልም ቀዳሚ ልንሆን ይገባናል።

እስከዚያው ድረስ ለወተት ገዢው የምለው አንድ ነገር አለ። ወተቱን አፍሉት። ግለብ እስኪል፣ ወደ ላይ እስኪገነፍል ድረስ ይፍላ። የሳንባ ነቀርሳውንም፣ ቀጥዬ የማነሳውን የውርጃ በሽታ ጀርምም ይገድላል። «ሲፈላ ኃይሉ ይጠፋል» የሚባለው ልክ አይደለም። ጥቂት ቪታሚን ይቀንሳል እንጂ ገንቢ ምግቡና ካልሲየሙ እዚያው አለ። እርጎም መኮምጠጡ ብቻ አያድነውም። ወተቱ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በእርሾ ቢረጋ ይሻላል። አይብ ሲሠራ እሳት ያየው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለብ ብሎ ነው የሚወጣው። ከጥሬ ወተት የተናጠ ለጋ ቅቤም እንዲሁ እሳት አላየም። ንጥር ቅቤ ግን እሳት ላይ በደንብ ስለሚቆይ ስጋት የለበትም።

ስለ ውርጃ በሽታ፣ ማለትም ስለ ብሩሴሎሲስ፣ በዋናነት ለጤና ሚኒስቴር ነው የምጽፈው።

ላም በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ታስወርዳለች። ባለቤቷ በባዶ እጁ የእንግዴ ልጁን ስቦ ያወጣል። ጽንሱን ለውሻ ይጥላል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌሊት ያልበዋል። ወገቡን፣ መገጣጠሚያውን ያመዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ የወባ ምርመራ ያደርጋል፣ ወባ የለም። ከዚያ ታይፎይድ ነው ይባላል። መድኃኒት ይወስዳል፣ ጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ተመልሶ ይወድቃል። እንዲህ ወራት ያልፋሉ። ብሩሴሎሲስን ለማዳን ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ያህል ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል። የአሥር ቀን ኪኒን አይበቃውም።

ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው ጤና ባለሙያው ሦስት ነገር ብቻ ቢጠይቀው ብዙ ሰው ይድናል። ከብት አለህ? ጥሬ ወተት ትጠጣለህ? በቅርቡ ያስወረደች ላም ነክተሃል? እነዚህ ጥያቄዎች በሕሙማን ካርድ ላይ ይግቡ። ገንዘብ አይጠይቁም። መልሱ «አዎ» ከሆነ ደግሞ ወሬው እኛ ዘንድ ይድረስ። የታመመ ሰው ባለበት ግቢ የታመመች ላም ልትኖር ትችላለች። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ጤና ኬላውና የእንስሳት ክሊኒኩ አንዳንዴ በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። እኔ ስለ ላሟ የማውቀውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አታውቅም። እሷ ስለ ሰውየው የምታውቀውን እኔ አላውቅም። ሪፖርታችን በተለያየ መንገድ ወደ ላይ ይወጣል፣ ተመልሶም አይገናኝም።

ለአርቢዎችም፦ ላም ስታዋልዱም ሆነ ያስወረደችን ስትረዱ ጓንት አድርጉ። ጓንት ከሌለ ድርብ ፌስታል እጃችሁ ላይ እሰሩ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጭራሽ አትንኩ። ጽንሱንና የእንግዴ ልጁን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻ አትጣሉት። ነፍሰ ጡር ሴት ወደዚያ እንዳትቀርብ።

ስለ ቅርጫ አጠር አድርጌ ልናገር። በበዓል ተሰባስቦ በሬ ማረድ የሚያምር ባህላችን ነው። እንዲቀር የምለው ነገር የለም። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ የፈሰከ ሰው ጥሬ ሥጋ ሲያምረውም ይገባኛል። ግን በግቢ የሚታረደው በሬ አብዛኛውን ጊዜ መርማሪ አያየውም። በቄራ ባለሙያ ምላሱን፣ የመንጋጋውን ሥጋ፣ ልቡንና ትከሻውን ሰንጥቆ የኮሶ ትል ፍሬ ይፈልጋል። እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች፣ ነጣ ያለች፣ ውሃ የቋጠረች ነገር ናት። በጥሬው የተበላች እንደሆነ በሰው አንጀት ውስጥ ሜትሮች የሚረዝም ትል ትሆናለች። ከሰው ደግሞ በዓይነ ምድር በኩል ወደ ሳር፣ ከሳር ወደ ከብት ትመለሳለች። ስለዚህ ኮሶን የሚያጠፋው የመጸዳጃ ቤት መኖርም ጭምር ነው። በደንብ የበሰለ ሥጋ አያስተላልፍም። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን የቆየ ሥጋም ስጋቱ ይጠፋል።

ከኮሶ የሚከፋው የጉበትና የሳንባው ነገር ነው። በግቢ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ከተገኘ ለውሻ ይወረወራል። በቋጠሮው ውስጥ ያለው ሌላ ዓይነት ትል ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከውሻው ወጥቶ በሕፃን እጅ በኩል ወደ አፍ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ሰው ጉበቱ ላይ ትልቅ ቋጠሮ ይዞ ለቀዶ ሕክምና ይተኛል። ቅርጫ የምትገቡ ወዳጆቼ፣ የተበላሸ ጉበትና ሳንባ በፍጹም ለውሻ አትስጡ። ቅበሩት።

ለከተማ አስተዳደሮች ያለኝ ሐሳብ ቀላል ነው። በበዓል ዋዜማና በበዓሉ ዕለት ተረኛ የሥጋ መርማሪዎች በየወረዳው ይመደቡ፣ ስልካቸው ይታወቅ። ቅርጫው ሲታረድ ሰዉ ይደውል፣ መርማሪው መጥቶ ይየው። በሬው በሽታ ኖሮበት እንዳይበላ ቢወሰን ለማኅበርተኞቹ የሚመለስ ገንዘብ ይኑር። አለበለዚያ የሚደውል አይኖርም። እዚህም ላይ ያው ጥያቄ ይመጣል፦ ኪሳራው የማን ነው?

የከብታችን ቁጥር በአፍሪካ አንደኛ ነው። 70 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። በ2012 እ.ኤ.አ. መቀመጫው ናይሮቢ የሆነውና አዲስ አበባም ትልቅ ግቢ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት ባወጣው ጥናት፣ ኢትዮጵያ ከህንድ፣ ከናይጄሪያና ከታንዛኒያ ጋር ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች በእጅጉ ከሚጫኗቸው አገሮች ተርታ ተመድባለች። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሰውና የእንስሳት ጤና ተቋማት አብረው ተቀምጠው ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት በሽታዎች ለይተዋል። አባሰንጋና ብሩሴሎሲስ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ። ዝርዝሩ ጥሩ ነው። ወረዳ ላይ ያለነው ሰዎች የምንጠብቀው በጀቱን ነው።

እንደምንችል ደግሞ ታሪካችን ይመሰክራል። በ1887 እ.ኤ.አ. ለጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል ፈጀ። ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ የተከተለው ከዚያ ነው። በሽታው ከመቶ ዓመት በላይ አብሮን ኖረ። በኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት መጣ። በአፋር የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው ሐኪም በማይደርስበት በረሃ ከብቱን ከተቡ። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጠፋ። ያ ሥራ የተሳካው ክትባቱ እስከ ከብቱ በረት ስለሄደና አርብቶ አደሩ የሥራው ባለቤት ስለሆነ ነው።

ካሳ ይከፈል ስል ምን ምላሽ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሰው ሆን ብሎ ከብቱን ገድሎ ካሳ ቢጠይቅስ? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ለዚህ ነው ሙሉውን ዋጋ ይከፈል ያላልኩት። ከፊሉ ይበቃል። ለአርቢው ደብቆ ከመሸጥ ማስታወቅ እንዲሻለው ያህል ብቻ ይሁን። የሚከፈለውም በእንስሳት ሐኪም ምርመራ ለተረጋገጠ፣ ከብቱን በዓመቱ ላስከተበ፣ በጊዜ ላስታወቀ ሰው ይሁን። የማጭበርበሩን ነገር የአካባቢው እድር ከማንም ኦዲተር በላይ ይቆጣጠረዋል። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከቁም ከብትና ከሥጋ ወጪ ንግድ የምናገኘው ገቢ አለ። ከዚያ ትንሽ ድርሻ ለዚህ ቢመደብ ንግዱንም ይጠቅመዋል። ገዢ አገሮች ከብታችንን የሚመልሱት በሽታ ፈርተው ነውና።

በአንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ ይጀመር አልልም። አባሰንጋ በሚመላለስባቸው ጥቂት ወረዳዎችና በአንድ ሁለት የወተት ከተሞች ይሞከር። ሁለቱ ሚኒስቴሮች ለእነዚህ ወረዳዎች አንድ የጋራ መዝገብ፣ አንድ የጋራ በጀትና አንድ ተጠያቂ ሰው ይመድቡ። ክትባቱ አስቀድሞ ይሰጥ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስንት በድን ሳይከፈት እንደተቀበረ፣ ስንት ሰው እንደታመመ፣ ስንት ብር እንደወጣ ይቆጠርና ለሕዝብ ይነገር። ካልሠራ ይቁም።

ለዚህ ጥያቄ በሚቀጥለው የበጀት ዝግጅት ወቅት መልስ እንድትሰጡበት፣ መልሱንም ለወረዳ ባለሙያዎችና ለአርቢዎች በግልጽ እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሙከራው በሚጀመርበት ወረዳ ሁሉ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ። እንደኔ ፈቃደኛ የሆኑ ብዙ ባልደረቦች አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወረዳ እንስሳት ጤና ባለሙያ